ከረብሻው በፊት የነበረው ወረቀት፦ የአንዲት የ12 ዓመት ተማሪ ጉዳይ

ጂል የ12 ዓመት ተማሪ ነበረች። ስሟ ማንነቷን ለመጠበቅ የተለወጠ ነው። ከአንድ በላይ እክል የነበረባት ሲሆን የምትማረውም ከባድ የስሜትና የባህርይ ችግር ላለባቸው ልጆች በተዘጋጀ ፕሮግራም ውስጥ ነበር። ረብሻዋ ለመምህሮቿም ለሌሎቹ ተማሪዎችም ከባድ ነበር። በዚያ ላይ ከሚወራው ጉዳይ ጋር የማይገናኝ፣ ሰሚን ግራ የሚያጋባ ንግግር ታበዛ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ግሌን ደንላፕ ከሊ ከርን-ደንላፕ፣ ከሼሊ ክላርክና ከፍራንክ ሮቢንስ ጋር ሆኖ ጉዳዩን አጥንቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ጆርናል ኦፍ አፕላይድ ቢሄቪየር አናሊሲስ በተባለው የሙያ መጽሔት ላይ አወጣው።

እንዲህ ያለች ልጅ ስትገጥም የትምህርት ቤቱ ቡድን ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ይቀመጥና «ስትረብሽ ምን እናድርጋት?» ብሎ ይጀምራል። ከክፍል ትውጣ፣ እረፍቷ ይቀነስ፣ ወላጅ ይጠራ፣ ነጥብ ይሰጣት። ሁሉም ከረብሻው በኋላ የሚመጡ ናቸው። በጂል ጉዳይ የተነካው ግን ከረብሻው በፊት ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጠው ሥራ ነው። የትምህርቱ ዓላማ እንዳለ ቀረ፤ ሥራው የሚቀርብበት መልክ ተለወጠ።

የባህርይ ጥናት ሙያ ሰዎች ነገሩን በሦስት ይከፍሉታል፦ ቅድመ ሁኔታ፣ ባህርይ፣ ውጤት። ልጁ ሥራ ይሰጠዋል (ቅድመ ሁኔታ)፣ ወረቀቱን ይቀድዳል (ባህርይ)፣ ከክፍል ይባረራል (ውጤት)። መምህሩ የቀጣ ይመስለዋል። ልጁ የሚፈልገው ከሥራው መገላገል ከሆነ ግን ቅጣቱ ራሱ ክፍያ ነው፤ ነገ ወረቀቱን ቶሎ ይቀድዳል። ቅጣቱ እየከበደ ረብሻው የሚብሰው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

መረጃው እንዴት ይሰበሰባል

ጥናቱ ሁለት ምዕራፍ ነበረው። የመጀመሪያው ረብሻው መቼና በምን ሥራ ላይ እንደሚመጣ የሚገልጽ መረጃ ሰብስቦ፣ ከዚያ መላምት አውጥቶ፣ መላምቱን በሙከራ መፈተን ነው። ሁለተኛው በተፈተነው መሠረት የቀኑን ትምህርት እንደገና ማደራጀት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት በቀጥታ ሁለተኛው ላይ ይዘልና «ምርጫ ስጡት፣ ሥራ አሳንሱለት» የሚል ወረቀት ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አድርጎ ያድላል።

ለመምህሮቿ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ትረብሻለች?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። የሚመጣው መልስ «እልኸኛ ናት»፣ «ትኩረት ፈላጊ ናት» ነው፤ በዚህ መልስ ሰኞ ጠዋት የሚሠራ ነገር የለም። የሚሻለው፦ ምን እየሠራች ሳለ ጀመረች? ሥራው ከተጀመረ ስንት ደቂቃ ሆኖታል? አጠገቧ ማን ነበር? የመጨረሻው የተነገራት ቃል ምን ነበር? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ መቼ አትረብሽም? ረብሻ የሌለበት ሰዓት የሚሠራው ቅድመ ሁኔታ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያሳያል።

ከዚያ በዓይን ማየት ይመጣል። የመመዝገቢያው ሉህ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ሰዓቱ፤ ቦታውና አብረው ያሉት ሰዎች፤ ከባህርይው በፊት በነበረው አንድ ደቂቃ የተባለና የተደረገ፤ ባህርይው፤ ወዲያው የተከተለው። ባህርይው የሚጻፈው ካሜራ እንደሚያየው ነው። «ተናደደች» አይጻፍም፤ «ወረቀቱን ጨምድዳ ወለል ላይ ጣለች» ይጻፋል። ለማሳያ (ከጂል መዝገብ የተወሰደ አይደለም) አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። ከረዳት መምህሯ ጋር ለብቻ። 20 ቃላት ከመጽሐፍ ወደ ደብተር እንድትገለብጥ ተሰጣት። 6ኛው ቃል ላይ እርሳሱን አስቀምጣ ጣቶቿን አሸች። ‹ቀጥይ› ተባለች። 8ኛው ላይ እንደገና አስቀመጠች። ‹ቀጥይ እንጂ› ተባለች። ወረቀቱን ቀደደች። ወረቀቱ ተነሳ፣ ውሃ ጠጥታ እንድትመጣ ተላከች።»

በዚህች አንድ መስመር ውስጥ ተጠርጣሪው ብዙ ነው። የሥራው ርዝመት አለ። ጥቃቅን የእጅ እንቅስቃሴ መጠየቁ አለ፤ ጣት ማሸት ያለ ምክንያት አይመጣም። ሁለት ጊዜ የተደጋገመው ትእዛዝ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መገላገሉ አለ። ከረብሻው በፊት የታየውም ምልክት፣ እርሳስ ማስቀመጡ፣ ራሱን ችሎ መመዝገብ አለበት። እዚያች ቦታ ላይ ገና ጊዜ አለ።

አንድ መስመር ማስረጃ አይሆንም። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የተሰበሰቡ መስመሮች ተደራርበው አንድ ነገር ሲደጋገም ነው መላምት የሚወለደው። ለመጻፍ ጊዜ የሌለው መምህር ቀለል ያለ መንገድ አለው። በ1985 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቱሼትና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት የነጥብ ሠንጠረዥ ነው፦ ቀናቱ ወደ ጎን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓቱ ወደ ታች። ረብሻ በሌለበት ግማሽ ሰዓት ሳጥኑ ባዶ ይቀራል፣ ጥቂት ካለ ሰረዝ ይደረግበታል፣ ከበዛ ይጠቁራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥቁሮቹ ሳጥኖች አንድ ሰዓት ላይ ተሰልፈው ከታዩ፣ ጥያቄው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚካሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆነ መለየት ይሆናል። ሠንጠረዡ ምክንያቱን አይናገርም፤ የት መፈለግ እንዳለብን ብቻ ይጠቁማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጤና። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ የመድኃኒት ለውጥ። እነዚህ ከረብሻው ሰዓት ርቀው የሚቀመጡ ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። ትናንት በሰላም የተሠራው ያው ሥራ ዛሬ የማይቻል የሚሆነው በእነሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሉሁ አናት ላይ «ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛች? ቁርስ በላች?» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ብዙ ግምት ታስቀራለች።

አራቱ መላምቶች

በጂል መረጃ ላይ ተመሥርተው አራት መላምቶች ወጡ። ጂል የተሻለ ባህርይ የምታሳየው፦

1. ከጥቃቅን የእጅ ሥራ ይልቅ መላ አካሏን የሚያንቀሳቅስ ሥራ ስትሠራ፤
2. የጽሕፈትና የቀለም ትምህርት ሥራው ረጅም ሳይሆን አጭር ሲሆን፤
3. ሥራው ተጨባጭና የምትወደው ውጤት ያለው፣ ለአንድ ነገር የሚውል ሲሆን፤
4. በምትሠራው ነገር ላይ የተወሰነ ምርጫ ሲኖራት።

አጻጻፋቸው ልብ ሊባል ይገባል። እያንዳንዱ መምህሩ በእጁ ሊለውጠው የሚችለውን ነገር ይጠራል። «ቤት ውስጥ ችግር አለባት» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የክፍል መምህር ለነገ የሚያዘጋጀው ምንም ነገር አይሰጠውም። ደግሞም ሁሉም ሊፈተኑ ይችላሉ፤ ውሸት ከሆኑ ውሸትነታቸው ይታያል።

ፈተናው የተካሄደው እየቀያየሩ በማነጻጸር ነው። ተጠርጣሪው ሁኔታ ይቀርባል፣ ተቃራኒው ይቀርባል፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ እንደገና ይቀየራል። ረብሻው ከሁኔታው ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀይሮ «ተሻላት» ማለት አይበቃም፤ ያን ዕለት አየሩም፣ ስሜቷም፣ ረዳቷም ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ሌላው ሕግ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ርዝመቱን ስንፈትን የሥራው ዓይነትና ክብደት፣ የሚያሠራውም ሰው ያው መሆን አለበት።

ሦስተኛው መላምት ላይ ትንሽ እንቆይ። ጽሕፈት ለጂል ከባድ ሥራ ነበር። ይሁንና ዓላማው ይቅር አልተባለም፤ መጻፍ መቻል አለባት። የተቀየረው የምትጽፈው ነገር ነው። ከመልመጃ መጽሐፍ መገልበጡ ቀርቶ ለፎቶዎች መግለጫ ትጽፍ ጀመር። የእጁ ሥራ አንድ ነው፤ ፊደል ያው ፊደል ነው፣ መስመርም ያው መስመር። ልዩነቱ አንደኛው ተጽፎ ሲያልቅ ታርሞ ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል፤ ሁለተኛው የሚታይ፣ የሚያዝ ነገር ሆኖ ይወጣል። አዋቂም ቢሆን ገጽ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር እየገለበጥክ ዋል ቢባል ከምሳ በፊት እርሳሱን ያስቀምጣል።

አራተኛው፣ ምርጫ፣ ለመፈተን ያስቸግራል። ልጅ ሲመርጥ የሚወደውን ነው የሚመርጠው፤ ታዲያ የረዳው መምረጡ ነው ወይስ የተወደደው ሥራ? ደንላፕና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት ይህን ለይተው ለማየት ሞክረዋል። አንድ ትንሽ ልጅ የሚነበብለትን የተረት መጽሐፍ እንዲመርጥ ተደረገ። በሌላ ጊዜ ደግሞ መምህሩ ልጁ ቀደም ሲል የመረጣቸውን እነዚያኑ መጽሐፎች በዚያው ቅደም ተከተል ራሱ እያነሳ አነበበለት። መጽሐፉ አንድ ነው፤ የቀረው መምረጡ ብቻ ነው። ልጁ ራሱ በመረጠበት ጊዜ ረብሻው ያነሰ ነበር።

የተለወጠው ቀን

የአራቱም መላምቶች ፈተና ካለቀ በኋላ ቡድኑ የጂልን የትምህርት ቀን ከውጤቱ ጋር አስማማው። የእጅ ሥራ የሚጠይቁ ትምህርቶች አጠሩ፣ በመሃላቸው እንቅስቃሴ ገባ፣ ሥራዎቹ የሚታይ ውጤት እንዲኖራቸው ተደረገ፣ ከሥራዎቹ መካከል እንድትመርጥ ዕድል ተሰጣት። ለውጡ ጠዋትና ከሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ አልተጀመረም። አንዱ የቀን ክፍል ተለውጦ ሌላው እንደ ነበረ ቀጠለ፣ ቆይቶ እሱም ተለወጠ። ይህ ለልጅቷ የዝግታ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ማስረጃነቱ ነው። መሻሻሉ በተለወጠው ክፍል ብቻ ታይቶ በሌላው ካልታየ፣ ምክንያቱ ዕድሜም፣ የአየር ጠባይም፣ አዲስ መድኃኒትም አይደለም።

ረብሻው በየቦታው ለውጡ እንደገባ ወረደ፣ በሥራ ላይ የምታሳልፈው ጊዜ ጨመረ። የሚገርመው ከዚህ ጋር አብሮ የመጣው ነው፦ ማንም በቀጥታ ያልነካው ያ ግራ የሚያጋባ ንግግር ቀነሰ፣ ከሰዎች ጋር ያላት ተገቢ ግንኙነትም ጨመረ። የሕመሟ ምልክት ብቻ ተደርጎ ሊታይ የሚችለው ንግግርም ቢያንስ በከፊል ከፊቷ ካለው ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ነው። ለውጡ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ዘለቀ።

ሲኮረጅ የሚበላሸው

የመጀመሪያው ስህተት መላምቶቹን እንዳሉ መውሰድ ነው። አራቱ የጂል ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ካርና ዱራንድ አራት ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት ሥራው ሲከብድ የሚረብሹ ነበሩ፤ ሥራው ቀላል ሆኖ አዋቂው ትኩረቱን ሲያሳንስ የሚረብሹም ነበሩ። ለሁለተኛው ዓይነት ልጅ ሥራ ማሳጠር ምንም አይፈይድም። ለእሱ የሚለወጠው ቅድመ ሁኔታ ሌላ ነው፦ ረብሻ ሳይመጣ በፊት፣ ለምሳሌ በየሦስት ደቂቃው፣ አጠገቡ ሄዶ ሥራውን አይቶ አንድ ቃል ማለት። እረፍት ላይ ያለ መላ የሰውነት እንቅስቃሴም ለአንዱ ልጅ ማረጋጊያ፣ ለሌላው ማጋጋያ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉ የተለመደና ከሁሉ የሚጎዳው ነው፤ ጊዜ መሳት። እረፍት በየ5 ቃሉ ይሰጣል ተብሎ ተወስኖ ሳለ መምህሩ ሥራ በዝቶበት ይረሳል፣ ልጁ ወረቀቱን ሲጨመድድ «እሺ እሺ፣ እረፍት ውሰድ» ይላል። ምርጫውም እንዲሁ፤ ጩኸቱ ሲጀምር «ይኼን ትመርጣለህ ወይስ ያን?»። እረፍቱም ምርጫውም ያው ነው፤ ከረብሻው በኋላ ሲመጣ ግን ረብሻው የሚያስከፍለው ዋጋ ሆነ። ስለዚህ እረፍቱ በመምህሩ ትዝታ ላይ አይንጠለጠልም። ወረቀቱ ራሱ ተቆርጦ ይዘጋጃል፦ 20ው ቃላት በአራት ወረቀት፣ አምስት አምስት ሆነው። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ተነስቶ ወረቀቱን ክፍሉ ዳር ያለ ሳጥን ውስጥ ይከትና ቀጣዩን ይዞ ይመለሳል። እንቅስቃሴው ሥራው ውስጥ ገባ፤ ማንም «እረፍት» አላለም።

እርሳሱ ቀድሞ ከተቀመጠስ? እዚያ ላይ «ቀጥይ» ማለት አሮጌውን መንገድ መክፈት ነው። «ይቺን አንድ ቃል አብረን እንጨርስና ሳጥኑ ጋ ትወስጃታለሽ» ይሻላል፤ ሥራው በትንሽ ሥራ ይዘጋል እንጂ በመገላገል አይዘጋም። ረብሻው ካመለጠ ደግሞ መጀመሪያ ደኅንነት ይጠበቃል፤ ሲረጋጋ ከሥራው በጣም ትንሽ ክፍል፣ አንድ ቃልም ቢሆን፣ ተሠርቶ ይለቀቃል። ያን ዕለት የቱ ቅድመ ሁኔታ እንደጎደለም ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ ሲመረመር ዕቅዱ ሳይሠራ ቀርቶ ሳይሆን ሳይፈጸም ቀርቶ ይገኛል። ስለዚህ በሉሁ ላይ «ዛሬ ሥራው ተቆርጦ ቀርቧል? ምርጫው አስቀድሞ ተሰጥቷል?» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች መኖር አለባቸው።

ምርጫ ሲሰጥ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይበቃል፣ ሁሉም መምህሩ የሚቀበላቸው መሆን አለባቸው። «ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?» ምርጫ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። የሒሳቡን ገጽ መጀመሪያ ወይስ ንባቡን? በእርሳስ ወይስ በቀለም? ወንበር ላይ ወይስ ቆሞ ሰሌዳው ላይ? እነዚህ ትንሽ ይመስላሉ፤ ትምህርቱን አይነኩም፣ የሚሠራው ግን እኔ ነኝ የሚለውን ለልጁ ይመልሳሉ።

ሦስተኛው ስህተት እዚያው መቅረት ነው። አምስት ቃል በሰላም የሚጽፍ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በአምስት ቃል ከቆየ ረብሻው ጠፋ፣ ትምህርቱም ጠፋ። ተከታታይ አምስት ቀን ያለ ረብሻ ካለፈ ወረቀቱ ስድስት ቃል ይሆናል፤ እንደገና አምስት ቀን፣ ሰባት። ረብሻው ከተመለሰ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፤ ወደ መነሻው አይመለስም። ከሥራው መርዘም ጎን ለጎን ልጁ እረፍት መጠየቅን መማር አለበት፣ በቃልም ይሁን በካርድ። ሕይወት ሁልጊዜ ወረቀቱን አምስት አምስት አድርጎ አይቆርጥም፤ የሚቆርጥለት ሰው በሌለበት ቀን የሚያገለግለው ያ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ በጠየቀ ቁጥር ወዲያው መስጠት ያስፈልጋል፣ አንድ ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ቢጠይቅም። መምህራን እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፤ ካርዱን ሁለቴ ሳይመልሱ ካለፉት ግን ልጁ ወደሚያውቀውና ፈጥኖ ወደሚሠራለት መንገድ፣ ወደ መቅደዱ፣ ይመለሳል።

አንድ ነቀፋ ሁልጊዜ ይነሳል፦ ይህ ለልጁ እጅ መስጠት አይደለም ወይ? ነቀፋው ክብደት የሚኖረው የተለወጠው ዓላማው ሲሆን ነው። ጂል መጻፍ አልቀረላትም። መነጽር ያደረገ ልጅ ሰሌዳውን ከማንበብ ነፃ አልወጣም፤ እንዲያነብ ተደረገ። ዓላማው ራሱ እየተነሳ፣ ሥራ እየቀረ ከሆነ ግን ነቃፊው ልክ ነው፤ ያ ዕቅድ መታረም አለበት።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ አንድ ተጨማሪ ነገር ተደርጓል። ስለተደረገው ለውጥ በመጠይቅ አስተያየት ተሰበሰበ፤ መልሱም አሠራሩንና ውጤቱን የሚደግፍ ሆኖ ተመዘገበ።